አባባ የሚያጠጡልሽ ማሳ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ በዚህ ቤት ከእኔ በፊት ቁጣ ለቀመስሽው፣

እንደምን አለሽልኝ እትዬ? «ደህና ነኝ» እንደምትዪኝ ስለማውቅ ጤናሽን በጅምላ አልጠይቅሽም፤ በችርቻሮ ነው የምጠይቅሽ። ወገብሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲመታው የሚጮህብሽ ጆሮሽስ? የእጅሽ ቆዳ ከሆቴሉ ሳሙና ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ይላጣል? አንሶላ የምታጥፉበት ክፍል መስኮት የለውም ብለሽኝ ነበር፤ በእረፍትሽ ወጣ ብለሽ ፀሐይ ትሞቂያለሽ? ባለቤትሽ ቁርስ ሳይበላ ወደ ሥራ የመሮጥ አመሉን ተወ? የትልቋ የፊት ጥርስ በቀለ? ትንሹስ ሲያኮርፍ አሁንም ጠረጴዛ ሥር ነው የሚገባው? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ለየብቻው መልስ እፈልጋለሁ። «ሁላችንም ደህና ነን» የሚል መልስ ከመጣ አልረከብም፣ ይመለሳል።

እኛ አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ሙሉ ጤነኛ ነው። እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ፤ አሁንም የቁልፍ ቀዳዳ እሰፋለሁ፣ አሁንም «ምላሳም» እባላለሁ። ወንበርሽ ላይ ማንም አይቀመጥም ብዬ አልዋሽሽም፤ ወንበር ስለሚያጥረን እንቀመጥበታለን። ግን የተቀመጠበት ሁሉ ሲነሳ «የእሷ ወንበር» ብሎ ነው ወደ ቦታው የሚመልሰው። አባባ ደግሞ... ወደ አባባ እመጣለሁ። ደብዳቤው ሁሉ የእሳቸው ነው።

በዚህ ዘመን ወረቀት ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። የእኔዋ ስልክ ካውያ ሥር ገብታ ነፍሷን ይማር ካልናት ቆይተናል። በቤቱ የቀረው አንቺ ለአባባ ያመጣሽላቸው ስልክ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለሰው አይደርስም። በጎረቤታችን በፀጉር አስተካካዩ ስልክ የላክሽልኝ መልእክት ግን ደርሶኛል። መልሱን በዚያው ልልክልሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ፀጉር ቤት የገባ ወሬ ከእያንዳንዱ ከተላጨ ራስ ጋር አብሮ ይወጣል። አዋላጇ ጎረቤታችን ለሥልጠና ወደ አንቺ ከተማ እንደምትሄድ ስሰማ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

መልእክትሽ አጭር ነበረች። «ስደውልላቸው ይዘጉብኛል። አባባ ተቀይመውኛል እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ» ትላለች። እውነቱን ልነግርሽ ነውና ቁጭ በዪ። አልተቀየሙሽም እትዬ። ሥራ በዝቶባቸው ነው። የእርሻ ሥራ። የአንቺው የእርሻ ሥራ።

አልተሳሳትሽም፣ በትክክል ነው ያነበብሽው። ዕድሜ ልካቸውን ከመቀስና ከጠመኔ ሌላ መሣሪያ ያልጨበጡት፣ ጫማቸውን አቧራ ሲነካው በመሐረብ የሚጠርጉት አባታችን በስተርጅና ገበሬ ሆነዋል። በቆሎ አላቸው፣ ቲማቲም አላቸው፣ የሚታለቡ ላሞች አሏቸው፣ ቀይ ትራክተር አላቸው። ይህ ሁሉ ሀብት የሚገኘው በግራ እጃቸው መዳፍ ላይ ነው።

እንዴት እንደተጀመረ ታስታውሻለሽ። ልትሄጂ ስትሰናጂ ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጣችሁና ያንን የእርሻ ጌም ጫንሽላቸው። «አባባ፣ ይሄ የእርስዎ ማሳ ነው፤ አጠገቡ ያለው የእኔ ነው። ጎረቤት ሆንን ማለት ነው» አልሻቸው። የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዴት ደስ ይሉ ነበር! አንቺ ከሥራ ስትወጪ የእሳቸውን ቲማቲም ታጠጫለሽ፤ እሳቸው ቁርስ በልተው የአንቺን በቆሎ ይሰበስባሉ። «ልጄ ዛሬ ላም ላከችልኝ» እያሉ ለደንበኛ ሁሉ ያሳያሉ፤ ልኬት ሊሰጥ የመጣ ሰው ሁለት ክንዱን ዘርግቶ ላም ሲያይ ይቆማል። ያኔ ጨዋታ ነበር። ጨዋታ እንደነበር የማውቀው፣ እማዬ «ምሳ ቀርቧል» ስትል ስልኩን አስቀምጠው ይመጡ ስለነበር ነው።

ከዚያ የአንቺ ፈረቃ ተቀየረ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ጌሙን ረሳሽው። ደግ አደረግሽ፤ ጨዋታን መርሳት የጤና ነው። አባባ ግን አልረሱትም። የእሳቸውን ማሳ ጨርሰው ወደ አንቺ ይሻገራሉ፣ የአንቺን ሲጨርሱ የእሳቸው ደርሶ ይጠብቃቸዋል። እማዬ መጀመሪያ በቀልድ ነበር የያዘችው። «ባሌ ይህን ሁሉ ሽንኩርት ያመርታል፣ እኔ ዛሬም ዘንቢል ይዤ ሽንኩርት ልገዛ ነው» ትላለች። «ያ ሁሉ ላም እያለኝ ሻዬን ያለ ወተት እጠጣለሁ፤ የባለጠጋ ሚስት እንደሆንኩ በድህነት ልሞት ነው።» አባባ ቀና ሳይሉ «ቆይ፣ ይደርሳል» ይሏታል።

ፀጉር አስተካካዩ ከምሳ በኋላ ዳማ ይዞ የመምጣት ልማዱን አልተወም። ገበታውን ዘርግቶ ጠጠሩን ይደረድርና «ና እንጂ አንተ ገበሬ!» ይላቸዋል። «በቆሎው ደርሷል፤ ካልሰበሰብኩት ይበሰብሳል» ይሉታል። ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ቀኝ እጁን ከግራ እጁ ጋር ያጋጥማል። አንድ ቀን «ማን አሸነፈ?» ብዬ ብጠይቀው «ግራዬ አጭበርባሪ ነው» አለኝ። ስቄ ሳበቃ ዓይኑን አየሁት። ሰው እፊቱ ቁጭ ያለን ሰው እንዲህ ሲናፍቅ አይቼ አላውቅም።

የክሩ ነገር ደግሞ አለ። እማዬ ቀልዱን ትታ መቆጣት ስትጀምር አባባ «ክር ገዝቼ ልምጣ» እያሉ መውጣት አመጡ። ከክር ሻጩ ሱቅ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አርሰው፣ አልበው፣ ሰብስበው ለማስመሰያ አንድ ጥቅል ክር ይዘው ይመለሳሉ። ዛሬ መደርደሪያችን ላይ ያለው ክር ከተማውን ከነነዋሪው ለመጣጣፍ ይበቃል። «ነጭ አልቆ ነበር» ይላሉ፤ ነጩ ክር ከኋላቸው ተቆልሎ ያሳጣቸዋል። ሲዋሹ ጆሯቸው እንደሚቀላ ታውቂያለሽ። ሰሞኑን እንደ ትራፊክ መብራት ሲበራ ሲጠፋ ነው የሚውለው።

የእጅጌውን ጉድ አዋላጇ ሳትነግርሽ እኔ ልንገርሽ። አባባ ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት የሚያደርጉትን አትረሺውም። የእጅጌውን ልክ ጨርቁ ላይ አስተኝተው ጮክ ብለው «ቀኝ!» ይላሉ፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው መጥቶ አይቶ «አየሁ!» ይላል። «ግራ!» ይላሉ፤ «አየሁ!» ይባላል። ከዚያ በፊት መቀስ አይነሳም። አንቺም እኔም በዚህ ቤት የጀመርነው ሥራ ይኸው ነው፣ «አየሁ» ማለት። መካኒኩ ጎረቤታችን ሊያገባ ነውና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ይዞ መጣ፤ ከጥቅሉ የተረፈች የመጨረሻዋ ቁራጭ ናት። እኔ «አየሁ» ልል ተዘጋጅቼ ስጠብቅ «ቀኝ» የለ፣ «ግራ» የለ። ዞር ብል መቀሱ መንገዱን ጨርሷል፤ የአባባ ዓይን ግን የክር ሳጥን ላይ ደገፍ ብሎ ከቆመው ስልክ ላይ ነው።

መካኒኩ ለፕሮቫ፣ ልኩን ሊሞክር ሲመጣ ኮቱን አለበስነው። አንደኛው ክንዱ በሥርዓት ወደ ፊት መጣ። ሌላኛው ከኋላ የሆነ ሰው የጠራው ይመስል ዞሮ ቀረ። «ጋሼ፣ ይሄኛው እጄ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ። አባባ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ስትለብሰው ይለምዳል» አሉት። «ማን ነው የሚለምደው ጋሼ፣ እኔ ነኝ ኮቱ?» አለ ምስኪን። እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ሳቋን በገበር ጨርቅ አፈነችው። ሁለት ግራ እጅጌ እትዬ! ጨርቁ ከገበያ ጠፍቷል። መካኒኩ በሠርጉ ዕለት ኮቱን ክንዱ ላይ አጥፎ ዋለ፤ በፎቶው ሁሉ እንደዚያ ነው። የማያውቅ ሰው ሙሽራው ሞቆት ነው ይላል። የሚያውቅ ሰው ደግሞ ልብሱን ወደ ሌላ ሰፊ መውሰድ ጀምሯል።

እስከዚህ ድረስ በሳቅ መጥተናል። አንድ ነገር ግን እማዬን ውስጥ ውስጡን ይወጋት ነበር። አባባ ቁርስ ላይ «ዛሬ ልጄ ፊቷ ፈክቷል» ይላሉ። ሌላ ቀን «ገርጥታለች፤ ምን ሆና ይሆን?» ብለው ዳቦውን ሳይጨርሱ ይነሳሉ። እማዬ የመሰላት በቪዲዮ የምትደውዪላቸው ነው። «ለአባቷ ፊቷን ታሳያለች፤ እኔ ያማጥኳት ግን ድምጿም አይደርሰኝም» እያለች ስታኮርፍ ከረመች። የተቀየመሽ ሰው ከነበረ እሷ ናት፤ እንዳልነግርሽ ቃል አስገብታኝ ነበር፣ ይኸው አፈረስኩት። አንድ ቀን አላስችል ብሏት «ደወለች እንዴ?» አለቻቸው። «አይ፣ አየኋት።» «የት አየሃት?» «እዚሁ።» ሰውዬው በቁሙ ሕልም ማየት ጀመረ ብላ ሹክ አለችኝ።

ከእጅጌው በኋላ አባባ ራሳቸው አፈሩ። ስልኩን ለእማዬ ሰጥተው «ደብቂልኝ፤ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አሏት። እማዬ እንደ ሽልማት ተቀብላ ሩዝ ማስቀመጫው ጣሳ ውስጥ ቀበረችው። ጠዋቱን በሰላም ሰፉ። ረፋድ ላይ የሚተኮስ ልብስ ሳይኖር ካውያውን አሙቀው አቀዘቀዙት፣ መልሰው አሞቁት። ምሳ ሲቃረብ ተአምር ሆነ፤ አባባ «ዛሬ ምሳ እኔ ልሥራ» ብለው ማድ ቤት ገቡ። እማዬ ከተጋቡ ጀምሮ ሰምታው የማታውቀው ቃል ስለሆነ ደርቃ ቀረች። «ሩዝ የት ነው የምታስቀምጪው?» ሲሉ ግን ነቃች። ጣሳውን አቅፋ ቆመች። «እንዳትሰጪኝ ያልከኝ ራስህ ነህ።» «አሁን ስጪኝ ብያለሁ።» «አልሰጥህም!»

እትዬ፣ አባባ ጮኹ። ድምፃቸው ከስፌት መኪናው በላይ ወጥቶ የማያውቀው አባባ ጮኹ። «ልጄን ልታደርቂብኝ ነው?!» አሉ።

እማዬ ጣሳውን እንዳቀፈች ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ስልኩን ከሩዙ ውስጥ አውጥቼ «እስኪ ያሳዩኝ አባባ» አልኳቸው። አሳዩኝ። ማሳሽ ጥግ ላይ ፎቶሽ አለ፤ በራችን ላይ ቆመሽ ፀሐይ ግማሽ ፊትሽ ላይ ያረፈበት። ባለ ማሳው ሳይመጣ ሲቀር ጌሙ ፎቶውን አመድ ያስመስለዋል፤ ጎረቤት ውሃ ሲያጠጣለት ቀለሙ ይመለሳል። አባባ የተጻፈውን የውጭ ቋንቋ አያነቡትም። እሳቸው የሚያነቡት ፊትሽን ነው። «ስትገረጣ አጠጣላታለሁ፣ ትፈካለች። ዝም ካልኳት ትጠፋለች» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ከእናንተ ማዶ የነበረ የአንድ የማናውቀው ሰው ማሳ ጠፍቶ ባዶ መሬት ሆኗል። እሱን አይተው ደንግጠዋል።

ጽሑፉን አነበብኩላቸው። «ባለ ማሳዋ ከመጣች ቆይታለች ነው የሚለው አባባ። እትዬ እዚህ አትገባም» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ። «የምዘራው እኔ፣ የምሰበስበው እኔ፣ እንዴት አላውቅም?» ከዚያ ወደ እማዬ ዞሩና «አንቺስ መኝታ ክፍሏን ጠዋት ጠዋት የምትጠርጊው አድራበት ነው?» አሏት። እማዬ ጣሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። እማዬ ሳትሟገት እጅ ስትሰጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በተወለድኩበት ቤት የመጀመሪያዬ ነው።

የዚያን ዕለት ተረታን። ስልኩ ተመለሰላቸው። እኔም ከራሴ ጋር ሙግት ያዝኩ። አንድ ሽማግሌ ልጁ ናፍቃው ሥዕል ቢያጠጣ ማንን በደለ? ሌላው በዳማ ይውላል፣ ሌላው በራዲዮ ይውላል፣ እኔ ራሴ በሰው ሐሜት እውላለሁ። መውደድ የት ላይ አልቆ ሱስ የት ላይ እንደሚጀምር በጠመኔ የተሰመረ መስመር ቢኖር ምንኛ ጥሩ ነበር! መስመሩን ያየሁት ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ያሰመርሽልኝም አንቺ ነሽ።

አባባ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ማሳሽን እያጠጡ ነው፤ እኔ ከኋላቸው ቁልፍ እሰፋለሁ። ስልኩ ጮኸ። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ። ስምሽ ነው። በቆሎውን ሸፍነሽ፣ ላሙን ሸፍነሽ፣ የራስሽን ፎቶ ሸፍነሽ አንቺ ራስሽ መጣሽ። አባባ አውራ ጣታቸውን አነሱና እንደ ዝንብ ገፋ አደረጉሽ። «ቆይ ልጄ፣ ማሳሽን ላጠጣልሽ» አሉ። ጥሪው ጠፋ፣ በቆሎው ተመለሰ፣ ፎቶሽ ፈካ። አባባም ፈገግ አሉ።

መርፌው ጣቴን ወግቶኝ ነበር፣ ያወቅኩት ሸሚዙ ላይ ደም ሳይ ነው። «አባባ፣ አሁን ማን ደወለ?» አልኳቸው። «ማንም» አሉ። ጆሯቸውን አየሁት፤ አልቀላም። የዋሹኝ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ! የዘጉብሽ እሳቸው አልነበሩም፤ ጣታቸው ነው፣ ሳያማክራቸው። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያው ጆሮው ላይ እንደተሰካ ገባ። ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ የማንበብ አመል እንዳለው ታውቂያለሽ። መልእክትሽን ከበሩ ጀምሮ እያነበበ መጣ፤ «ስደውልላቸው ይዘጉብኛል። አባባ ተቀይመውኛል እንዴ?»

አባባ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፉት። «ዘጋሁባት?» አሉ። «አሁን፣ እዚሁ፣ እያየሁዎት» አልኳቸው። መርፌ አንስተው ክር ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ክሩ በዚህ በኩል ይሄዳል፣ መርፌው በዚያ በኩል ይሸሻል። ዓይናቸው ቀልቷል። «ላስገባልዎት» ብላቸው አልሰጡኝም። «አባባ፣ ደስ ይልዎታል ግን? ይህ ነገር ያስደስትዎታል?» አልኳቸው፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቀልድ። «ደስታውማ ድሮ ቀረ» አሉ። «ስከፍተው ይጨንቀኛል። ስዘጋው ይብስብኛል።»

የዚያን ጊዜ ገባኝ። እማዬ ክፍልሽን ጠርጋ ስትጨርስ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ ታቆመዋለች። ትወጣለች፣ ከጎረቤት ጋር ትጫወታለች፣ ትስቃለች፣ አንቺን ታማለች። መጥረጊያው ተከትሏት አይወጣም። አባባን ግን መጥረጊያው ነው የያዛቸው። እኔ ናፍቆት ነው ብዬ ስራራለት የነበረው ነገር ናፍቆታቸውን ራሱን በልቶባቸዋል፤ ልጃቸው በር ላይ ቆማ ስታንኳኳ «ዝም በዪ፣ ልጄን እየጠበቅኩ ነው» የሚያሰኝ ነገር ሆኗል። ይህን ከዚህ በኋላ ጨዋታ ብዬ አልጠራውም።

«እናጥፋው» አልኳቸው። «ማንም አያጠፋውም» አሉ። «እሷ ራሷ ትንገረኝ። በጽሑፍ አይደለም፣ በድምጿ። ‹አባባ፣ ማሳዬን ይተዉት፤ ይድረቅ› ትበለኝ። ያኔ እተወዋለሁ። የሰው አደራ በገዛ ፈቃዴ አላደርቅም።» ፀጉር አስተካካዩ «ኧረ የሌለ ማሳ ነው አንተ ሰውዬ!» አላቸው። «አንተ ዝም በል፤ በገዛ ግራ እጅህ የምትሸነፍ!» አሉት። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲቀልዱ ስሰማ ዕንባዬ መጣ፤ ለፀጉር አስተካካዩ እንዳይታየኝ ብዬ ደም የነካውን ሸሚዝ ላጥብ ወጣሁ።

ዓርብ ዕለት ዓይናቸውን አሳየናቸው። ሐኪሙ ጠብታ ሰጥቶ ዓይንዎን ያሳርፉ ብሏቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ተጋድመው ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ፤ «አደራ፣ አንዴ ብቻ አጠጭልኝ» አሉኝ። እኔም ይዤው ወጣሁ። ማጥፋት ቀላል ነበር እትዬ፣ አንድ ጣት የምታህል ሥራ ናት። ከፈትኩት፤ ፎቶሽ አመድ መስሏል። ጣቴን አስጠጋሁ። ከዚያ ግን ጣቴ ሌላ ቦታ ሄዶ ውሃውን ነካ። ፈካሽ። ግማሽ ፊትሽ ላይ ያለችው ፀሐይ ሳትቀር ተመለሰች። እማዬ «ምንድን ነው የምታይው?» ብላ መጣች፤ ሁለታችን ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን አየንሽ። «ከስታለች» አለች እማዬ። «ፎቶ እኮ ነው እማዬ፣ ፎቶ አይከሳም።» «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለችኝ። አባባን ስገሥጽ የከረምኩት እኔ ራሴ ቅዳሜ ጠዋት ሳልታዘዝ ተነስቼ ላጠጣሽ ሄድኩ፤ አየሽ፣ ነገሩ በር ካገኘ ማንንም አያልፍም።

ስለዚህ ልለምንሽ። እሑድ ከምሳ በኋላ በፀጉር አስተካካዩ ስልክ ደውዪ። የአባባን ስልክ ተዪው፣ እዚያ ማሳ አለበት። ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን ሰጥቶን እንደሚወጣ ምሎልናል፤ መስኮቱ ሥር ቆሞ እንደሚሰማ ግን ሁላችንም እናውቃለን፣ እንግዲህ እሱን አትሚ። ይቅርታ በመጠየቅ እንዳትጀምሪ፣ ጥፋት የለብሽም፤ የሰው አንሶላ እያጠፍሽ ልጅ የምታሳድጊ ሴት በቆሎ የምታጠጪበት ጊዜ ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ላይ እኔ የጠየቅኩሽን ሁሉ ለእሳቸው ንገሪያቸው። የጆሮሽን ነገር፣ የእጅሽን ነገር፣ የልጅቷን ጥርስ፣ መስኮት የሌለውን ክፍል። ስለ አንቺ የሚያውቁት መግረጣትሽንና መፍካትሽን ብቻ ሆኗል፤ ሲያምሽ እንዴት እንደሚያምሽ፣ ሲደላሽ ምን እንደምትስቂ አያውቁም። ይህን ካወራሽ በኋላ ማሳው እንዲደርቅ ንገሪያቸው። ልብሽ እንዳይራራ፤ «ትንሽ በትንሹ» ካልሽ አለቀልን፣ ትንሽ በትንሹ ነው እዚህ የደረስነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ደውለሽ ብትጠፊ ደግሞ ሌላ ማሳ ይገዛሉ፣ ምናልባትም ከነወንዙ። እሑድ እሑድ ይሁን። የምትዪው ቢጠፋሽ አፍሽን ይዘሽ ተቀመጪ፣ ከወዲያ የልጆቹ ጩኸት ይሰማቸው፣ የድስት ክዳን ሲወድቅ ይሰማቸው። እስከዚያ ድረስ ስልኩን ከምሳ በኋላ ብቻ፣ እማዬ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሊከፍቱት ተስማምተዋል። ስምምነቱ ዛሬ ጠዋት ክር ሊገዙ ሲነሱ ሊፈርስ ነበር፤ እማዬ ነጠላዋን ደርባ «እኔም ክር አምሮኛል» ብላ ተከተለቻቸው። የድንጋዩን ቦታ ሳያዩ፣ እርስ በርስ ሲነታረኩ አንድ ጥቅል ቢጫ ክር ይዘው ተመለሱ። ቢጫ ክር የሚፈልግ ደንበኛ የለንም።

እንግዲህ ሰላምታውን ላድርስ። ለባለቤትሽ «ቁርስ ብላ» ብላለች በዪልኝ። ትልቋን በበቀለው ጥርስ በኩል ሳሚልኝ፤ ካልበቀለም በባዶው በኩል። ትንሹን፣ ጠረጴዛ ሥር መግባት ከእኔ የወረሰው ስለሆነ እንዳትቆጪው። እማዬ «ተቀይሜያት ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ፣ ግን ትንሽ አስቀርቻለሁ» ብላሻለች፤ ከዚያ ደግሞ ጽፌው ሳልጨርስ ተመልሳ «እሱንም ትቼዋለሁ» አለች። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ሰላም ይልሻል። መካኒኩና ሙሽራይቱ ሰላም ይሉሻል፤ ኮቱ አሁንም ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

አባባ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፣ ስልኩ አጠገባቸው ተደፍቷል። ለማን እንደምጽፍ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። «ምን ልበልልዎት?» አልኳቸው። ወደ ወረቀቱ ቆየት ብለው አዩና «ከእኔ ምንም አትጻፊ» አሉኝ። «ስትደውል እኔው እነግራታለሁ።»

ታናሽሽ
ከስፌት ቤታችን፣ መስኮቱ ሥር
ሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን